አውሮፕላኑ ሲወርድ ካቢኑ ለምን ይወጣል? ስለ ትንንሽ ፒስተን አውሮፕላኖች የካቢን ግፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው ነው። አንድ አብራሪ ባለ አንድ ሞተር ሴስና ፒ210 ያበራል። በ20,000 ጫማ እየሄደ የካቢን ከፍታ ጌጁ (የካቢኑ አየር ግፊት የስንት ጫማ ከፍታን አየር እንደሚመስል የሚነግረው) 10,000 ገደማ ያሳየዋል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ለመውረድ ብሎ ፓወሩን በደንብ ሲቀንስ ግን አውሮፕላኑ ወደ ታች እየሄደ የካቢኑ መርፌ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፣ ማለትም የካቢኑ ግፊት ይቀንሳል። ትንሽ ቆይቶ መርፌው ይገለበጥና በፍጥነት ይወርዳል፣ የተሳፋሪው ሁሉ ጆሮ ይታመማል። «ተቆጣጣሪው ተበላሽቷል ይቀየር ተብያለሁ፤ እውነት ነው? ደግሞስ ካቢኑን በግፊት መሙላቱ ሞተሩን አይጎዳውም ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ተቆጣጣሪውን ለመቀየር አትቸኩል። ከነገርከኝ ምልክት ተነስቼ ብናገር፣ ተቆጣጣሪው ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰለፈው። ያየኸው ነገር ከፊሉ የስርዓቱ ጠባይ ነው። ከፊሉ ደግሞ ካቢንህ ከሚገባው በላይ እያፈሰሰ እንደሆነ ይጠቁማል። ሁለቱን ለመለየት አየሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለብህ፤ እሱን ካወቅክ ሌላው ሁሉ በራሱ ይፈታል።

ብዙ ሰው ካቢኑ ታሽጎ አየር የተቆለፈበት ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ካቢን ሁልጊዜ ያፈሳል። በበሩ ጎሚኒ ያፈሳል፣ በመስኮቱ ዳር ያፈሳል፣ የመሪ ሽቦዎቹ ግድግዳውን በሚበሱበት ቦታ ያፈሳል። ከዚያም በላይ ሆን ተብሎ አየር የሚያስወጣ ቫልቭ አለው። ግፊቱ የሚቆየው ከሞተሩ በኩል አዲስ አየር ሳያቋርጥ ስለሚገባ ብቻ ነው። የተበሳ ጎማ በፓምፕ እየነፋህ እንደመንዳት ቁጠረው። የምትነፋው ከሚወጣው እስከበለጠ ድረስ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጅህን ያሳረፍክ ጊዜ ይተኛል። አንተ ፓወር ስትቀንስ ያሳረፍከው እጅህን ነው።

አየሩ የሚመጣው ከተርቦቻርጀሩ ነው። ፒስተን ሞተር ብቻውን ለካቢን የሚሰጠው የታመቀ አየር የለውም፣ ስለዚህ ግፊት ያለው ትንሽ ፒስተን አውሮፕላን ካየህ ተርቦ አለው ማለት ነው። ሞተሩ የሚተፋው ትኩስ ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕሬሰር ያዞራል፣ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ የከፍታውን ስስ አየር ስቦ ያምቀዋል። አብዛኛው የታመቀ አየር በትሮትሉ (ፓወር የምትጨምርበትና የምትቀንስበት የአየር በር) በኩል ወደ ሲሊንደሮቹ ይሄዳል። ጥቂቱ ግን ትሮትሉ ጋ ሳይደርስ ይከፈልና ወደ ካቢን ይላካል።

እዚያ መክፈያው ላይ አንድ በጣም የምወዳት ትንሽ ዕቃ አለች። ሶኒክ ቬንቹሪ ትባላለች። መሀሏ የጠበበ አጭር ቱቦ ናት፣ የሚንቀሳቀስ አካል የላትም፣ ኤሌክትሪክ አትፈልግም። አየሩ በጠባቡ አንገቷ ሲያልፍ ይፈጥናል። ፍጥነቱ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ግን እዚያው ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ በካቢኑ በኩል ያለው ግፊት የፈለገውን ያህል ቢወርድ የሚያልፈው አየር አይጨምርም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ካቢኑ ላይ ምንም ቢፈጠር፣ መስኮት እንኳ ቢሰበር፣ ካቢኑ የሞተሩን አየር ጠራርጎ ሊወስድበት አይችልም ማለት ነው። ግን ልብ በል፣ በቬንቹሪዋ የሚያልፈው አየር መጠን የሚወሰነው ከኋላዋ ባለው ግፊት ነው። ከኋላዋ ያለው ደግሞ ተርቦው ነው። ተርቦው ከደከመ የካቢኑ አየርም ይቀንሳል።

ከቬንቹሪዋ የወጣው አየር ትኩስ ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ተርቦው ብዙ ስለሚያምቅ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በውጭ አየር የሚቀዘቅዝ መለዋወጫ ውስጥ ያልፍና ከዚያ ወደ ካቢን ይገባል። መንገዱ ላይ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለ። ሁለት ሞተር ባላቸው አውሮፕላኖች ላይ ይሄ ቫልቭ ነፍስ ነው። አንዱ ሞተር ሲቆም የሌላው ሞተር አየር በቆመው በኩል ሾልኮ እንዳያመልጥ የሚያደርገው እሱ ነው። በአንድ ሞተር ላይም ቢሆን ተርቦው ድንገት ሲሞት ካቢኑ ባንድ ጊዜ እንዳይራገፍ ያደርጋል።

መግቢያው ይህ ነው። አሁን መውጫውን እንይ።

የካቢኑን ግፊት የምትቆጣጠረው የሚገባውን አየር በመጨመርና በመቀነስ አይደለም። የሚገባው በቬንቹሪዋ የተወሰነ ነው። የምትቆጣጠረው የሚወጣውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በኋለኛው የግፊት ግድግዳ ላይ መውጫ ቫልቭ አለ፤ እሱ ጠበብ ሲል ግፊቱ ይጨምራል፣ ሰፋ ሲል ይቀንሳል። ቫልቩን የሚያዘው ተቆጣጣሪው ነው፣ ማለትም አንተ ፊት ለፊት የምታዞረው መምረጫ ያለበት ዕቃ። ውስጡ አየር ወጥቶለት የታሸገ ቆርቆሮ መሳይ ካፕሱል አለ። የካቢኑ ግፊት ሲቀንስ ካፕሱሉ ያብጣል፣ ሲጨምር ይጨመቃል፣ እንቅስቃሴው ቫልቩን እንዲዘጋ ወይም እንዲከፈት ያዝዛል። ሌላ ክፍሉ ደግሞ በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ይከታተላል፣ ልዩነቱ የአውሮፕላኑ አካል ከሚችለው እንዳያልፍ። ይሄ ሁሉ ካቃተው ደግሞ ለብቻው የቆመ የደህንነት ቫልቭ አለ።

ቁጥሮቹን በእጅህ ብታሰላቸው ነገሩ ይበልጥ ይገባሃል። በባህር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ግፊት በፓውንድ) ነው። በ20,000 ጫማ 6.75 ገደማ ይሆናል። የአንተ ፒ210 ከፍተኛ የግፊት ልዩነት 3.35 ፒኤስአይ ነው። ሁለቱን ደምራቸው፣ 10.1 ይመጣል፤ ይሄ የ10,000 ጫማ ግፊት ነው። ማለትም በ20,000 ላይ ጌጅህ 10,000 ሲያሳይ ስርዓቱ የሚችለውን ሁሉ እየሰጠህ ነው። ከዚህ በላይ የሚሰጠው የለም። 23,000 ላይ ብትወጣ ካቢንህ ወደ 12,000 ይጠጋል። እንደ ፓይፐር ማሊቡ ያለው ደግሞ 5.5 ፒኤስአይ ስለሚችል በ25,000 ጫማ ላይ ካቢኑ 8,000 ገደማ ይሆናል፤ እዚያ ከፍታ ላይ የውጭው ግፊት 5.45 ነው፣ 5.5 ጨምርበት።

ለምን ሁሉም 5.5 አልሆኑም ካልክ መልሱ ክብደት ነው። 5.5 ፒኤስአይ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን በአንድ ካሬ ሜትር በር ላይ ወደ 3,900 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ነው። በሩ፣ መዝጊያው፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ የኋላ ግድግዳው ሁሉ ይህን በየበረራው መሸከም አለበት። ፒ210 እ.ኤ.አ. በ1978 ገበያ ሲገባ ቀድሞ ከነበረው ግፊት አልባው ሴስና 210 የተወለደ ነው፣ ማሊቡ ግን ከመጀመሪያው ለግፊት ተብሎ የተነደፈ ነው። ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአሮጌ አካል ላይ ግፊት መጨመርና አካሉን ለግፊት ብሎ መሥራት አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ አንተ በረራ እንመለስ። በ20,000 ላይ ካቢንህ 10,000 ነው፣ ልዩነቱ ሙሉ 3.35 ነው። ልዩነቱ ትልቅ በሆነ መጠን በየስንጥቁ የሚያፈሰው አየርም ብዙ ነው፣ ተርቦው ግን እየሠራ ስለሆነ የሚገባው የሚወጣውን ይሸፍናል፣ እንዲያውም ትርፉ በመውጫ ቫልቩ ይወጣል። አንተ ትሮትሉን ስትስብ ጭሱ ይቀንሳል፣ ተርባይኑ ይዘገያል፣ ከቬንቹሪዋ በስተኋላ ያለው ግፊት ይወርዳል። ተቆጣጣሪው ወዲያው ያየዋል፤ መውጫ ቫልቩን ያጠበዋል፣ ያጠበዋል፣ በመጨረሻም ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ በእጁ ምንም የለም። የሚገባው አየር በስንጥቁ ከሚያፈሰው ካነሰ ካቢኑ ወደ ላይ መውጣቱ ግድ ነው። ተቆጣጣሪው እዚህ ላይ ምንም ያጠፋው ነገር የለም፤ ሥራውን ጨርሶ ቁጭ ብሏል።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ጆሯችሁ ነግሯችኋል። ካቢኑ ከ10,000 ተነስቶ ለምሳሌ ወደ 12,500 ሲወጣ፣ አውሮፕላኑ ደግሞ ከ20,000 ወደ 12,500 ሲወርድ፣ ሁለቱ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ካቢንህ የራሱ ፍጥነት የለውም። የውስጡ ግፊት ከውጭው እንዲያንስ አይፈቀድም፣ አካሉ የተሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚገፋ ኃይል ነው፣ ስለዚህ አሉታዊ ግፊትን የሚከላከለው ቫልቭ ይከፈትና የውጭው አየር ይገባል። አውሮፕላኑ በደቂቃ 1,500 ጫማ እየወረደ ከሆነ ካቢኑም በደቂቃ 1,500 ጫማ ይወርዳል። የሰው ጆሮ ሲወጡ በደቂቃ 500 ጫማ ገደማ ያለ ችግር ይችላል፣ ሲወርዱ ግን 300 አካባቢ ላይ ነው ምቾት የሚሰማው። በመውረድ ጊዜ የጆሮው ቱቦ በቀላሉ አይከፈትም፣ ጉንፋን ካለ ደግሞ የባሰ ነው። እንግዲህ መርፌው ተገልብጦ በፍጥነት የወረደው፣ ሕፃናት የሚያለቅሱት እዚያች ላይ ነው።

ተመሳሳይ ሕመም ሌላም መንገድ አለው፤ ይሄ ደግሞ ጥፋቱ የመምረጫው ነው። ለመድረሻው አየር ማረፊያ ከፍታ ካቢኑን ቀድመህ ካላዞርከው፣ መምረጫው 10,000 ላይ እንደቆመ አውሮፕላኑ 10,000 ሲደርስ ካቢኑን ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ አብረው ይወርዳሉ። የአንተ ይሄ አይደለም፣ ምክንያቱም ካቢንህ መጀመሪያ ወጥቷል። ግን መውረድ ከመጀመርህ በፊት መምረጫውን ማዞር ልማድ ይሁንህ።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ መጀመሪያ የመውረድ ዘዴህን አስተካክል። ቀደም ብለህ ጀምር፣ በደቂቃ 500 ጫማ ያህል ውረድ፣ ፓወሩን አንቀህ አትያዘው። የአውሮፕላንህ መመሪያ ካቢኑን ለመያዝ ስለሚያስፈልገው የማኒፎልድ ግፊት፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚገባው አየር ግፊት፣ የሚለውን ፈልገህ አንብብ፣ ከዚያ በታች በከፍታ ላይ አትሂድ። ከተማረሩ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች «ፍጠን፣ ውረድ» የሚል ትእዛዝ ቢመጣ፣ ትሮትሉን እስከ መጨረሻው ከመሳብ የማረፊያ ጎማውን በሚፈቀደው ፍጥነት አውርደህ መጎተቻ መጨመር ይሻላል። ወይም የፍጥነት መቀነሻ ክንፍ ካለህ እሱን አውጣ። ለሞተሩም ይሻለዋል፣ ትኩስ ሲሊንደር ድንገት መቀዝቀዝ አይወድም።

ይህን አድርገህ ካቢኑ አሁንም የሚወጣ ከሆነ አሁን ጉድለት ፍለጋ እንገባለን። እዚህ ላይ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑበት ነገር አለ። የሚታየው ተቆጣጣሪው ስለሆነ እሱን ይቀይራሉ፣ ውድ ነው፣ ችግሩም እዚያው ይቀራል። ከመፍታትህ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ሞተሩስ እንዴት ነው?

ካቢኑ ሲደክም ሞተሩም አብሮ የሚደክም ከሆነ፣ ማለትም ቀድሞ በ20,000 ጫማ የምታገኘውን የማኒፎልድ ግፊት አሁን የማታገኝ ከሆነ፣ ጉድለቱ በመግቢያው በኩል ነው። ተርቦው ደክሟል፣ ወይም ከፊሉ ጭስ ተርባይኑን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው ዌስትጌት ተጣብቋል፣ ወይም ከኮምፕሬሰሩ በኋላ ያለ ቱቦ ክላምፑ ላልቷል። የማርሚታ መጋጠሚያ ስንጥቅም እንዲሁ ያደርጋል፣ ጭሱ ተርባይኑ ጋ ሳይደርስ ስለሚያመልጥ። መካኒክህ ሽፋኑን ከፍቶ ባትሪ ይዞ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይይ። የጭስ መሹለኪያ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ዱካ ይተዋል።

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ካቢኑ ብቻ የሚደክም ከሆነ ግን ጉድለቱ ከቬንቹሪዋ ወዲህ ነው። ወይ ወደ ካቢኑ የሚሄደው ቱቦ ከመንገድ ያፈሳል፣ ወይ ካቢኑ ራሱ ያፈሳል። የአንተ ወደዚህኛው የሚያዘነብል ይመስለኛል፣ በሙሉ ፓወር ልዩነቱን ይዞ ስለሚቆይ። መርፌው ደግሞ ወደ ላይ ወደ ታች የሚወዛወዝ፣ ጆሮህ ላይ እየመታ የሚሄድ ከሆነ፣ ያኔ ብቻ ነው ቫልቩንና ተቆጣጣሪውን የምትጠረጥረው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚጸዳ ነገር አለ። መውጫ ቫልቩን አውርደህ የመቀመጫውን ከንፈር በጣትህ ዳሰው። አብዛኛው የካቢኑ አየር የሚወጣው በእሱ ነው፣ አቧራው፣ የምንጣፉ ብናኝ፣ በድሮ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ሲጋራ ሲጨስ የኖረበት ቡናማ ዝፍት ሁሉ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ጣትህ ላይ ተጣብቆ ከመጣ ቫልቩም እንዲያ እየተጣበቀ ነው የሚከፈተውና የሚዘጋው። አምራቹ በሚፈቅደው ማጽጃ ይታጠብ፣ የተቆጣጣሪው ትንሿ የአየር ማጣሪያም ትቀየር። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚያ ላይ ያልቃል።

የማፍሰስ ፍተሻ የሚደረገው መሬት ላይ ነው። ከውጭ በመሣሪያ ወደ ካቢኑ አየር ይገባል፣ ግፊቱ መመሪያው የሚለው ላይ ሲደርስ ይዘጋል፣ ከዚያ ግፊቱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚወርድ በሰዓት ይለካል። ቁጥሩ ከመመሪያው ጋር ይነጻጸራል። የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየቀባህ አረፋ የሚነፋበትን መፈለግ ነው ቀጣዩ። በሩን በዙሪያው ቀስ ብለህ ቀባው፣ በተለይ የታችኛውን ጥግ፣ ሰው እየረገጠ የሚገባበትን። የአደጋ መውጫውን፣ የመስኮት ዳሮችን፣ ከአካሉ ሆድ ስር ያሉትን የውሃ ማፍሰሻዎች አትርሳ። ማፍሰሻዎቹ ግፊት ሲመጣ መዘጋት አለባቸው፣ ቆሻሻ ከያዛቸው ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ የመሪ ሽቦዎቹ የሚያልፉበትን ጎሚኒ ተመልከት፣ ግራሶው ደርቆ የተሰነጠቀ ጎሚኒ ሲነፋ በጆሮ ይሰማል። አዲስ ሬዲዮ ወይም አንቴና ከተገጠመ ወዲህ ከሆነ ችግሩ የመጣው፣ ሌላ ቦታ ሳትፈልግ ቀጥታ ወደዚያ ሂድ። ሽቦ ለማሳለፍ የተበሳ ቀዳዳ በደንብ ያልታሸገበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

እባክህ ይህን ፍተሻ ግን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ግማሽ ፒኤስአይ እንኳ በአንድ ካሬ ሜትር በር ላይ 350 ኪሎ ገደማ ይገፋል። በግፊት ያለ በር ቢከፈት ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ይመታል። በበረራ መጨረሻም ቢሆን ተሳፋሪው በሩን ከመክፈቱ በፊት ካቢኑ ሙሉ በሙሉ እንዲራገፍ፣ የማረፊያ ጎማው ክብደት ሲሸከም ቫልቩን የሚከፍት ማብሪያ ማጥፊያ የተገጠመው ለዚህ ነው። እሱም ይፈተሽ።

ሞተሩን ይጎዳዋል ወይ ላልከው፣ በልክ ከተያዘ አይጎዳውም። ተርቦው ለካቢኑም ለሲሊንደሩም ስለሚሠራ ይበልጥ ይሽከረከራል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ከፍታ ላይ በወጣህ ቁጥር ጫናው ይጨምራል። ስለዚህ የሲሊንደርና የተርባይን መግቢያ ሙቀት ጌጆችህን ከሌላው አብራሪ የበለጠ ተከታተል። ካረፍክ በኋላ ሞተሩን ከማጥፋትህ በፊት ተርቦው እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጠው። ከዚህ ያለፈ ጭንቀት አያስፈልግህም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ካቢንህ በመውረድ ላይ ወደ ላይ ወጣ ብለህ ስትነግረኝ እንደ ጆሮ ሕመም ብቻ ነው የነገርከኝ። እኔ ግን የማየው ኦክስጅኑን ነው። ድንገት የሚፈነዳ መስኮት ያስደነግጣል፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ጭንብሉን ያጠልቃል። ቀስ ብሎ የሚያፈሰው ግን አያስደነግጥም። ኦክስጅን ሲያንስ ሰውየው የሚደክመው ሳይሆን ደስ የሚለው፣ ሁሉም ነገር ደህና የሚመስለው ጊዜ አለ፣ ማሰቢያው ቀድሞ ስለሚዳከም መዳከሙን አያውቀውም። በ18,000 ጫማ ያለ ኦክስጅን ሰው በትክክል ሊሠራ የሚችለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው፣ በ25,000 ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ። ግፊቱ ባንድ ጊዜ ከሄደ ይሄም በግማሽ ሊያጥር ይችላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2005 ከላርናካ ወደ አቴንስ ሲበር የነበረው የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የካቢን ግፊት መምረጫው በእጅ መቆጣጠሪያ ላይ ተትቶ ስለነበር ካቢኑ አልሞላም፣ አብራሪዎቹ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለሌላ ነገር ወሰዱት፣ የተሳፈሩት 121 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ያ ትልቅ ጄት ነው፣ ሁለት አብራሪ ያለው። አንተ ደግሞ ብቻህን ነህ።

የአሜሪካ ደንብ የሚቆጥረው የአውሮፕላኑን ሳይሆን የካቢኑን ከፍታ መሆኑንም አስታውስ። ካቢኑ ከ12,500 በላይ እስከ 14,000 ሆኖ ከ30 ደቂቃ ካለፈ አብራሪው ኦክስጅን ይጠቀማል፣ ከ14,000 በላይ ሁልጊዜ፣ ከ15,000 በላይ ለተሳፋሪም ይቀርባል። ስለዚህ የኦክስጅን ጠርሙስህ የተሞላ ይሁን፣ ጭንብሉ ከወንበርህ ኋላ ባለ ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ሳይሆን እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። የካቢን ከፍታ ማስጠንቀቂያ መብራቱ በተባለው ከፍታ ላይ መብራቱን በየፍተሻው አረጋግጥ፣ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ከ10,000 እስከ 12,500 ባለው መካከል ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ይኑርህ፣ ትንሽ ናት፣ ጌጁ የማይነግርህን እሷ ትነግርሃለች።

ሌላው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከላይ የማርሚታ ስንጥቅ ያልኩህን ቀለል አድርገህ አትየው። በብዙ ፒስተን አውሮፕላኖች ላይ የካቢን ማሞቂያው አየር የሚሞቀው በትኩሱ ማርሚታ ዙሪያ ሲያልፍ ነው፣ ብረቱ ከተቀደደ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። ሽታ የለውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 እግር ኳስ ተጫዋቹን ኤሚሊያኖ ሳላን ይዞ እንግሊዝ ቻናል ላይ የወደቀው ፓይፐር ማሊቡ ነበር። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች የተጫዋቹ ደም ውስጥ ያለው በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘ ሄሞግሎቢን 58 በመቶ መድረሱን አገኙ፣ አብራሪውም ሳይመረዝ እንዳልቀረ ደመደሙ፣ ድምፅ ወይም መብራት ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲገጠም መከሩ። ጋዙ ሲያገኛት ቀለሟ የምትቀየረው ካርድ አትበቃም፣ ማንም አያያትም። የሚጮህ ግዛ።

አሁን መካኒኩ ጋ ከመሄድህ በፊት አንድ በረራ ላይ ይህን መዝግብልኝ። በ15,000 እና በ20,000 ጫማ ቀጥ ብለህ ስትሄድ የማኒፎልድ ግፊትህን፣ የካቢኑን ከፍታ፣ የግፊት ልዩነቱን ጻፍ። ከዚያ ከፍታህን ሳትቀይር ፓወሩን ደረጃ በደረጃ ቀንስ፣ በእያንዳንዱ ላይ መርፌው እስኪረጋ ጠብቅ፣ ካቢኑ መውጣት የጀመረው በየትኛው የማኒፎልድ ግፊት ላይ እንደሆነ ያዝ። ኦክስጅን ለብሰህ፣ ከጎንህ ሌላ አብራሪ አስቀምጠህ አድርገው። ያቺ ቁጥር መመሪያህ ከሚለው ጋር ከተቀራረበች አውሮፕላንህ ጤነኛ ነው፣ የመውረድ ዘዴህን ብቻ ቀይር። በጣም ከራቀች ግን የሳሙናውን ውሃ አዘጋጁ፣ ከበሩ የታችኛው ጥግ ጀምሩ፣ ያገኛችሁትንም ጻፍልኝ።